ጋሼ ምንይችልን አንድ ዓመት ያዘገየው ጥያቄዬ

ጠዋት ወደ ቢቸና የደወልኩት የእትዬ ዝማምን ጉልበት ልጠይቅ ነበር። ሰሞኑን አብጦባት ልጇ ደብረ ማርቆስ ድረስ አመላልሷታል። ስልኩን ያነሳው እሱ ነው። "እሷስ ደህና ናት" አለኝ፤ ቀጥሎም "አጎቴ ግን አረፈ።"

"የቱ አጎትህ?" አልኩት፣ ያለው አንድ አጎት መሆኑን እያወቅሁ።

ጋሼ ምንይችል፣ የእትዬ ዝማም ወንድም። ባለፈው ሳምንት እኮ ደውሎልኝ ሲስቅ ነበር። ይኸው እስካሁን አላመንኩም። የምጽፈውም እጄ ሥራ ቢይዝ ብዬ ነው።

ለማታውቁት፣ ቢቸና አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው የእመት የሽወርቅ ልጅ ነው። ደርግ ለትምህርት ውጭ አገር ልኮት፣ ሴል የሚባለውን፣ በዓይን የማይታየውን የሰውነት ቅንጣት በቤተ ሙከራ ሲመረምር የኖረ ሰው። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የእናቱ ደብዳቤ ጸሐፊ። እመት የሽወርቅ መሠረተ ትምህርት ገብተው "ዓይኔ እንቢ አለኝ" ብለው ትተውታል። ይናገራሉ፣ እጽፋለሁ፤ መልሱ ሲመጣ አነብላቸዋለሁ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በክረምት፣ ለዕረፍት መጣ።

"መቼ ነው ጠቅልለህ የምትገባ?" አሉት እናቱ።

"ጨርሻለሁ እማዬ። ጽሑፌን አስረክቤ ለፋሲካ እዚህ ነኝ።"

"ምኑን ነው የጨረስከው?" አልኩት እኔ ጥልቅ ብዬ።

አስረዳኝ። "ሴል ውስጥ ካልሲየም አለ። ሴሉን የሚያንቀሳቅሰው እሱ መሆኑን ላረጋግጥ ፈለግሁ። ካልሲየሙን ለቅሞ የሚይዝ መድኃኒት አለ፤ ግን ሴሉ በር አይከፍትለትም። ስለዚህ ልብስ አልብሰን እንልከዋለን፤ በልብሱ ያልፋል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሴሉ እንደ እማዬ ነው።"

ሳቅን። እመት የሽወርቅ እንግዳ ሲመጣባቸው ጋቢውን ተቀብለው ይደብቁበታል፣ ሳያድር እንዳይሄድ። ሴሉም የገባውን መድኃኒት ልብሱን ይገፍፈዋል። ራቁቱን መውጣት አይችልማ፣ እዚያው ቀርቶ ካልሲየሙን ይለቅማል። "ሴሎቹ ቀጥ አሉ። እንግዲህ የሚያንቀሳቅሳቸው ካልሲየም ነው" አለኝ ኮራ ብሎ።

እኔ ደግሞ የእንግዳ ጋቢ በክረምት የሚያደርገውን አውቃለሁ። ጠብ ጠብ ሲል አድሮ የተለቀለቀውን ወለል ያጨቀየዋል፤ የሚታማው ግን እንግዳው ነው።

"ጋሼ፣ የተገፈፈው ልብስስ የት ይሄዳል? ቤቱን ያበላሸው እንግዳው ይሁን ጋቢው በምን አወቅህ?"

"ልብሱን ለብቻው አላየሁትም" አለ።

ያቺ "ለብቻው" ከዚያ ወዲያ ከአፉ አልተለየችም። ተድሬ ሞጣ ከገባሁ በኋላ ስለ አማቴ ሳማርርለት እንኳ "እስኪ ለብቻው እንየው፤ ክፉ ናት ወይስ ደክሟት ነው?" ይለኝ ነበር።

ተመልሶ ሄደና ያንኑ ልብስ የለበሰ፣ ካልሲየም ግን የማይዝ ሌላ ነገር ላከባቸው። ሴሎቹ አሁንም ቀጥ አሉ። ለካ ያደከማቸው የልብሱ ትርፍራፊ ኖሯል። ማንም ያላየበትን ስህተት ራሱ ሄዶ ለመምህሩ ተናገረ፤ ሥራው ከሥር ተጀመረ። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ፦ "እማዬ፣ ለዘንድሮ ፋሲካ አልደርስም። ለሚመጣው ዓመት ነው።"

ለሚመጣው ዓመት አልቆዩለትም። ፋሲካ አልፎ፣ ሰኔ ላይ አረፉ።

ፈቃድ አግኝቶ ለተዝካራቸው ሲመጣ ጓሮ ተደበቅሁ። ፈልጎ አገኘኝ።

"ባትጠይቂኝ ኖሮ እደርስ ነበር" አለኝ። "የምደርሰው ግን ውሸት ይዤ ነበር። እማዬም ይህ ገብቷት ነበር፣ አይደል?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ቅድም ጎረቤቴ ከድጃ ስትገባ ስልኬን ይዤ ፈዝዤ አገኘችኝ፤ መርዶውን ነገርኳት። "ምንሽ ነው የሞተው?" አለችኝ።

"ጎረቤቴ ነው።"

"ለጎረቤት ነው እንዲህ?"

"ለጎረቤት ነው።"

ትንሽ አየችኝና "እንግዲያው ነጠላሽን አዘቅዝቂ። ነገ በጠዋቱ መኪና ቢቸና አብሬሽ እሄዳለሁ" አለችኝ።

ጋሼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ያን ቀን ራሴን የነቀነቅሁት በውሸት ነው። ያን ደብዳቤህን ካነበብኩላቸው ጀምሮ እናትህ አላናገሩኝም። "ልጄን ያስቀረሽብኝ አንቺ ነሽ" አሉኝ፣ አበቃ። የኋለኞቹን ደብዳቤዎች በሌላ ሰው አስጻፉ። የእጅ ጽሑፉ ሲለወጥብህ "ፈተና ላይ ነሽ መሰለኝ" ብለህ ላክህብኝ፤ እኔም አዎ አልኩህ። ተቀይመውኝ ነው የሄዱት።

አሁን ደርሰህባቸዋል። አንተው ሽማግሌ ሁንና አስታርቀን። እምቢ ቢሉህ አታስጨንቃቸው፣ ቀስ ብለህ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩልህ የለም።

ደህና ሁን፣ ጋሼዬ።