ባለ አንድ እጁ ዓሣ አጥማጅ

በሕይወቴ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ስለ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ይጠቁም ስለነበር ነው። ሥራዬ የስፌት መኪናና የውሃ መሳቢያ ሞተር መጠገን ነው። አንድ ጊዜ ከሱዳን የተመለሰ ሰው የመንጠቆው ክር የሚጠቀለልበትን ክብ ብረት፣ ወዲያ ማዶ በከራ የሚሉትን፣ ዝጎበት አመጣልኝ። ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ መለስሁለት። ከዚያ ቀን ወዲህ የበከራ ሊቅ ሆንሁ። እኔም አላስተባበልሁም።

ቋሚ ደንበኛዬ አሮጌ በከራ የሚሰበስቡ፣ ጡረታ የወጡ የጎንደር መምህር ነበሩ። በየጊዜው እየመጡ ከቆራሌ ነጋዴው የብረት ክምር ውስጥ ይለቅሙና ወደ ሱቄ ይዘውት ይገባሉ። የሚፈልጉት የትኛው የፋብሪካ ሥራ፣ የትኛው ደግሞ ሰው በኋላ የጨመረው እንደሆነ እንድነግራቸው ነው። ይህ አያስቸግረኝም። ፋብሪካ የበሳው ቀዳዳ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ በእጅ የተበሳው ጣት ይቧጭራል። ሞረድ የነካው ናስ ደግሞ የቱንም ያህል ቢወለወል ጭረቱን አይደብቅም። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያመጡት በከራ ግን ከሌሎቹ የተለየ ነበር። እጀታው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል፤ የቀኙ ቀዳዳ በቀለጠ እርሳስ ተደፍኗል። ከማጥመጃው ዘንግ ጋር የሚታሰርበት እግሩ ላይ ሁለት የምስማር ቀዳዳ ተበስቷል። ከፍቼ ሳየው ውስጡ ያለው ጥርስ ተሞርዶ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር ተደርጓል።

«ይህ ሰው ቀኝ እጅ አልነበረውም» አልሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

መምህሩ ደብተራቸውን አወጡ። «እንዴት አወቅህ?»

«እጀታው ወደ ግራ የዞረው ለዚህ ነው። ዘንጉን የሚይዝበት ሌላ እጅ ስለሌለው በከራውን ጀልባው ላይ ቸነከረው። ዓሣው ሲጎትት ክሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስበት ደግሞ ጥርሱን ሞረደው።»

«እጁን ምን አሳጣው?»

«አዞ ይመስለኛል።»

ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። መምህሩ ግን «አዞ» ብለው ጻፉ።

የስፌት መኪናቸው እስኪጠገን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን» አሉ። «እስቲ ልየው።» ተቀብለው አገላበጡት፤ እጀታውን አንድ ጊዜ አዞሩት። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ይህማ የእኔ ነው» አሉ።

«ዓሣ ያጠምዱ ነበር ሐጂ?» አልኋቸው፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን እያየሁ።

«ምን ዓሣ አመጣህብኝ! ባለቤቴ እግሯን ተሰብራ ተኝታ ነበር። እኔ ሱቅ ስውል፣ ጎረቤት ሲመጣ በር የሚከፍት የለም። ይህን ከገበያ ገዝቼ አልጋው ላይ ቸነከርሁት፤ ገመዱን ከበሩ መቀርቀሪያ ጋር አሰርሁት። ስታዞረው ይከፈታል። በቀኝ በኩል ግድግዳ ስለነበረ እጀታውን ወደ ግራ አዛወርሁ።»

«ጥርሱስ?» አልሁ፤ ቢያንስ ጥርሱ እንዲተርፈኝ ፈልጌ።

«የከፈተችው በር ተመልሶ እንዳይዘጋ ነዋ።»

መምህሩ ብዕራቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ታዲያ ቆራሌ ክምር ውስጥ እንዴት ተገኘ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «እሷ ድና ተነሣች፤ አልጋው ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ተጋድሜ በር መክፈት ለመድሁ። አንድ ቀን ከሱቅ ስገባ በከራው የለም። ሌባ ወሰደው አለችኝ። ግሩም ሌባ ነው፤ ምስማሩን በጉጠት ነቅሎ፣ የአልጋውን ቀዳዳ በሳሙና ደፍኖ፣ ቤቱን ጠርጎ ሄደ።»

መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸውና፣ «የእርስዎ ከሆነ ይውሰዱት» አሉ።

«አይ፣ እርስዎ ይያዙት። ቤት ባስገባው ሌባው ተመልሶ ይመጣል።»

መምህሩ አመስግነው በከራውን በጨርቅ ጠቀለሉ። ደብተራቸው ላይ የጻፉትን ይሰርዛሉ ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ አሰቡና ዘግተው ከተቱት። ሲወጡ በጆሮዬ፣ «የአዞው ይሻላል» አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የልብስ ሰፊው ባለቤት ሱቄ መጡ። በትንሹ እያነከሱ ገብተው፣ በጨርቅ የቋጠሩትን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት፤ የስፌት መኪና መዘውር ነው። መሀሉ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል፤ የገመድ ቁራጭም ተንጠልጥሎበታል። መዘውሩን አወቅሁት። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው «ለአንድ ሥራ ፈለግሁት» ብለው ከእኔ የወሰዱት ነው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ታውቀዋለህ?»

«የስፌት መኪና መዘውር ነው እማማ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ባለቤቴ አልጋችን ላይ ምን ሊያደርጉበት እንደቸነከሩት ንገረኝ።»

ቀዳዳውን በጣቴ ዳሰስሁ፤ ይቧጭራል። ገመዱን አየሁ። ለረጅም ጊዜ አገላብጬ ስመረምር ቆየሁና፣ «እኔ እንጃ» አልሁ።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሊቅ ነው ሲሉህ ሰምቼ ነበር» አሉና መዘውሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ወጡ።