ለአለምነው የመረጥኩለት ሱሪ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ዓርብ ቀን ተሳስቼ የቀመስኩትን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። እሳቸውም «ሌላስ ልጄ?» ብለው ይጠብቃሉ። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ሌላ ግን ነበረ። አሥራ ሁለት ክረምት ሙሉ ነበረ። ይህን የምታነብ ሰው፣ ካህን እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስማኝ።

እኔ ወረታ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አለምነው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አባቱ አዳኝ ነበሩ፤ ድኩላ እንዴት እንደሚቀረብ ለሁለታችንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አመድ በጨርቅ ቋጥረህ ትይዛለህ፤ ቆንጠር አድርገህ በትነህ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ታያለህ። ድኩላው ሊግጥ አንገቱን ሲደፋ ትራመዳለህ፤ ቀና ሲል ባለህበት ትቆማለህ። እኔ ይህን ሁሉ ተማርኩ። አለምነው ግን የተማረ አይመስልም ነበር፣ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው እንጂ። በዚህ እቀናበት ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ አሁንም እቀናበት ነበር።

አንድ ክረምት ወደ ጣራ ገዳም በኩል ባለው ደን ውስጥ ድኩላ የሚቆጥርና ባለሙያዎችን እየመራ የሚያስጠጋ ሰው በቋሚነት ሊቀጠር ነው ተባለ። መግደል የለም፤ የሚፈለገው ሳያስደነግጡ ቀርቦ ማየት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ተመዝግቦ በመጨረሻ ሁለት ቀረን፣ እኔና አለምነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣውን ባለሙያ በየተራ፣ በተለያየ ቀን፣ ድኩላ አጠገብ ማድረስ።

እኔ ሥራውን የፈለግሁት መቀመጥ ስለሰለቸኝ ነው። አለምነውስ? የሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያርም ኖሮ እግሩን ቁርጥማት ይዞት ነበር። «ይችን ሥራ ካገኘሁ ከውኃው ወጣሁ ማለት ነው» አለኝ። ከእኔ ይልቅ ለእሱ እንደምታስፈልገው አውቅ ነበር? አውቅ ነበር።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሱቄ መጣ። «ለጫካው የሚሆን ሱሪ ምረጥልኝ። ዝናብ የማያስገባ፣ እሾህ የማይቀደው ይሁን። አንተ ታውቃለህ» አለኝ።

እውነትም አውቅ ነበር። ለራሴ የሰፋሁት መደርደሪያ ላይ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። ወፍራም የጥጥ ካኪ ነው፤ ጭኑና ጉልበቱ ላይ የንብ ሰም አሽቼ በካውያ አቅልጬ አጠጥቼዋለሁ። ውኃው ላዩ ላይ ይንከባለላል፤ ስትራመድበት ደግሞ ትንፍሽ አይልም። እሱን አላሳየሁትም። ከሰልባጁ ክምር ውስጥ ከውስጥ ላስቲክ የተቀባ የዝናብ ሱሪ አወጣሁለት። ውኃ አያስገባም አልኩት፤ አያስገባም። አጋሙም ቀጋውም አይቀደውም አልኩት፤ አይቀደውም። ዕድሜ ልክህን ትለብሰዋለህ አልኩት። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ያልነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭንና ጭን በተነካካ ቁጥር ያ ሱሪ ኮሽ ይላል። የድኩላን ጆሮ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ መነገር ያለበት ነገር ምን አለ?

ለብዙ ዓመታት ለራሴ የምከራከረው በዚህ ነበር። አልዋሸሁም። የጠየቀኝን መለስኩ። ስለ ድምፁ አልጠየቀኝም። እንዲህ እያልኩ ተኝቼ አድሬያለሁ፤ ቆርቤም አውቃለሁ።

አሁን ግን የቀረውን ልናገር። አለምነው ሱሪውን ለብሶ ሱቄ ውስጥ ሊሞክረው ተነሳ። ከግድግዳው እስከ በሩ ሊራመድ ነው። ጆሮው ምን ዓይነት ጆሮ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለት እርምጃ ቢሄድ ይሰማዋል። ያን ጊዜ እኔ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ። መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ክርም አልነበረበትም። እሱ እስኪመለስ ድረስ ባዶ መኪና እያንጓጓሁ ረገጥኩ። ሲቆም እኔም ቆምኩ። ያደረግሁት ይህ ነው። ቅናት ነው ያስረገጠኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ፈተናውን ቀድሞ የሄደው እሱ ነው። በማግሥቱ ሱቄ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ሦስቴ አመለጠኝ» አለ። «ነፋሱን አልሳትኩትም። ካፊያው ቅጠሉን ሲመታ የራሴን እርምጃ እንኳ አልሰማም፤ ድኩላው ግን ገና ሳልጠጋ ብርር ይላል። እግሬ ነው መሰለኝ ድሮ እንደነበረው አይደለም፤ ከብዷል።» እግሩን እየዳሰሰ ነበር የሚናገረው። እኔ ምን አልኩ? «ይሆናል» አልኩ። በአባቱ ጥበብ ያደገ ሰው በገዛ እግሩ እምነት ሲያጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «ይሆናል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አለምነው ጫካ ገብቶ አያውቅም።

እኔ በተራዬ በሰም ካኪዬ ሄድኩ። አንዲት እናት ድኩላ ጆሮዋን እያዞረች ቅጠል ስትቀነጥብ ባለሙያውን አጠገቧ አደረስኩት። ትከሻዬን ጨበጠኝ። ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። ሥራውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይኸው እስከ ዘንድሮ በዚያ ሥራ እንጀራ በላሁ።

አለምነው ሱሪውን አልጣለውም። ሩዝ ሲያርም ይለብሰዋል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ በገመድ አስሮ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ አልቅት አይዘውም። ባገኘኝ ቁጥር «እጅህ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ሱሪ አይቼ አላውቅም» ይለኛል፤ ለጎረቤቱም ይመሰክርልኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። ውኃው ግን ሱሪ ለብሶም ውኃ ነው፤ ቁርጥማቱ ጸንቶበት ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ሱሪው አልተቀደደም።

ዘንድሮ ጡረታ ልወጣ ነው። በእኔ ቦታ ሰው ይወዳደራል ተባለ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ዛሬም አልፎ አልፎ የምሰፋበት ሱቄ ውስጥ እንዳለሁ፣ የአለምነው ልጅ ብርቄ ገባች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ አበጀ። ለፈተናው ሱሪ ፈልጌ ነው። አባየ ከእርስዎ ሌላ እንዳልሄድ ብሎኛል» አለች።

ወፍራም ካኪ አወረድኩ፤ ሰሙን አወጣሁ፤ ካውያውን አሞቅሁ። እንዴት እንደሚታሽ፣ እንዴት እንደሚጠጣ አሳየኋት። ከዚያም «ጨርቅ ስትመርጪ መጀመሪያ በዓይንሽ አትይው፤ ጆሮሽ ሥር አድርገሽ እሽት አድርጊው። ኮሽ ካለ ተይው» አልኳት። አሸችው። አዳመጠች። ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ የአያቷ ነው። ከዚያ ጨርቁን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ለአባየም ያን ጊዜ እንዲህ ብለው ነግረውት ነበር?»

«አልነገርኩትም» አልኩ።

«ረስተውት ነዋ» አለች፣ እኔን ከኀፍረት ልታወጣኝ ፈልጋ። እኔም መቀሱን አነሳሁ። ሱሪውን ሰፍቼ ሰጠኋት፤ አመስግናኝ ሄደች።

ይቅርታ አልለምንም፤ የምትሰጠኝ አንተ አይደለህም። ነገ ጧት ቁሐር ሚካኤል እሄዳለሁ፤ ይህንኑ ለአባትና ለልጅ ባንድ ላይ እናገራለሁ። አለምነው ከደጁ ቢያባርረኝ ይገባኛል። ምክንያት አላቀርብም። አልረሳሁም ብርቄ ልጄ። መኪናውን የረገጥኩት አስቤ ነው።