ፊቴን የነጨሁበት ለቅሶ

ይህ የሆነው አንኮበር ገና የንጉሥ መቀመጫ ሳለች፣ እናቴ በሞተች በወሩ ነው። በግራ ጉንጬ ላይ ጠባሳ ስለ ቀረ፣ ፊቴን በታጠብሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ፊደል አስቆጥረውኛል። ሰው ፊት መናገር ግን አልችልም። እናቴ ስትቀበር ሴቶቹ ደረት እየመቱ፣ ፊታቸውን በጥፍር እየነጩ ሲጮኹ የእኔ ድምፅ አልወጣም። ነጠላዬን ተከናንቤ ቆምሁ።

«እስቲ እዩዋት፣ የሙሽራ ፊት!» አለች አክስቴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እናት የሞተባት ማን ይላታል?»

ከዚያ ወዲያ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ያልተነጨ ጉንጬን ያያሉ። ለአርባው ተዝካር ሲሰበሰቡ እናቷን አትወድም ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

በመካከሉ ሸማኔው ሞተ። አርጎባ ነው፣ እስላም፤ ቤቱ ከእኛ ዝቅ ብሎ በአልዩ አምባ መንገድ ነው። እናቴ የፈተለችውን ሁሉ የሚሠራላት እሱ ነበር፤ የተገነዘችበትንም የሸመነው እሱ ነው። አሁንስ ዝም ብል ምን ልባል ነው ብዬ ገና ከደጁ ጮኽሁ። ዐይኔን ጨፍኜ እየገባሁ ጉንጬን በጥፍሬ ቧጠጥሁት።

ዐይኔን ስገልጥ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የለቀስተኞቹ እንባ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። ሁሉም እኔን ያያሉ። ሚስቱ እትዬ ዘሀራ ተነሥታ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ ልጄ፣ በአላህ! በእኛ ዘንድ ፊት መንጨት ሐራም ነው።» በኩታዋ ጫፍ ደሜን ጠረገችልኝ። «እሱም ጩኸት አይወድም ነበር። የቻለው የእኔን ብቻ ነው።»

ከጎኗ አስቀመጠችኝ። አልቅሺ ያለኝ የለም። ለእናቴ ያለቀስሁት እዚያ ነው፣ ያለ ድምፅ፣ ብዙ።

ቤት ስገባ አክስቴ ጉንጬን አየችው።

«ለማን ነው?»

ነገርኋት።

«ለእናትሽ የሰሰትሽውን ጥፍር ለሸማኔ?» ብላ ጥላኝ ወጣች።

በተዝካሩ ቀን ግን ሴቶቹ ቁስሌን አይተው «ምስኪን፣ ለካ ኀዘኗን በሆዷ ይዛ ኖሯል» ተባባሉ። አክስቴ ወጥ ታወጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ጭልፋዋን መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተች።

እስካሁን ሰው ጠባሳውን የእናቴ ለቅሶ ነው ይላል፤ አላርምም። እናቴን በሌላ ሰው ቤት ማልቀሴ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ ያ ጩኸት ነው፤ በዚያ ጸጥ ባለ ቤት፣ ከደጅ ጀምሬ የጮኽሁት።