ጭራ ያወጡት ኮከቦች

ትናንት አመሻሽ ላይ ታላቅ ወንድሜ ሽመልስ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ከኦሪዮን ቀበቶ ሥር ያለው ኔቡላ፣ ያ በራሱ የሚያበራው ቀይ የጋዝ ደመና ነው። ጥርት ብሏል። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ልጆች ሳለን ይህንኑ ሊያነሳ የሞከረበት ምሽት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሁለታችንም ላሊበላ ተማሪዎች ነበርን። ሽመልስ አንድ የሆቴል እንግዳ ትቶለት በሄደው ቴሌስኮፕ ላይ የፊልም ካሜራ አስሮ፣ ይህንኑ ደመና ካላነሳሁ ብሎ ታኅሣሥን ሙሉ ሰማይ ላይ አፈጠጠ። የከተማው መብራት ስላስቸገረው አንድ ቀን ገና እንደመሸ ከመንደሩ በላይ ወዳለው አውድማ ወጣን። አዲስ ገለባ ይሸታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኪሴ ውስጥ የያዝኩትን ቆሎ እንኳ እንዳልቆረጥም ከለከለኝ።

"ካሜራው ክፍት ነው፤ ትንፍሽ እንዳትዪ! ከተነቃነቀ አለቀልን።"

ወይ ሽመልስ! የእኔ ቆሎ ሰማዩን የሚያነቃንቅ ይመስለው ነበር።

በዚያ ሰሞን ከብት በሌባ እየተነዳ አገሩ ሰግቶ ነበር። አባታችንም ከመንደሩ ሰዎች ጋር በተራ ጥበቃ ይወጡ ነበር፤ እኛ አውድማው ላይ መሆናችንን ግን አያውቁም። ድንገት ከታች ድምፅ መጣ።

"ማነህ? በላሊበላ አምላክ፣ ቁም!"

በእኛ አገር እንዲህ ከተባለ መልስ ይሰጣል፤ ዝም የሚል ሌባ ብቻ ነው። ድምፁ የአባባ ነበር። "እኛ ነን" ልል አፌን ስከፍት ሽመልስ በመዳፉ አፈነኝ።

"ትንሽ ነው የቀረው" አለኝ በሹክሹክታ።

ተኩሱ ጆሮዬን አደነቆረው። አባባ በጩኸቴ ለይተውን እየሮጡ ደረሱ። ጠመንጃቸውን ጥለው የሽመልስን ራስ፣ ደረቱን፣ ጀርባውን ይዳብሱ ጀመር፤ ደም ይፈልጋሉ።

"የት ጋ ነው? የት ጋ ነው የመታሁህ?"

"አልነካኝም አባባ" ቢላቸውም አልሰሙትም። መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ጠመንጃውንም ዳግመኛ አልነኩትም።

ፊልሙ ሲታጠብ ደመናው ቀልቶ ወጣ፤ ኮከቦቹ ግን ሁሉም ጭራ አውጥተዋል። ሽመልስ ደንግጦ ቴሌስኮፑን ገጭቶት ኖሯል። "ተበላሸ" ብሎ ሊቀደው ሲል ነጥቄ አስቀመጥኩት።

አባባ አሁን እኔ ዘንድ ናቸው፤ ዓይናቸውም ማስታወሳቸውም ደክሟል። የትናንቱን ፎቶ አስጠግቼ ባሳያቸው "ቀይ ነው" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እንደ ወትሯቸው በሩን በሩን እያዩ "ሽመልስ ገባ ወይ?" አሉኝ። ልጃቸው ሸብቷል፣ አገር አቋርጦ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ይህን ብነግራቸው ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

"ገብቷል አባባ።"

"ድምፁን አልሰማሁትማ!"

ደውዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁት።

"እኔ ነኝ፣ አባባ" አለ ሽመልስ። ያን ምሽት ያላላትን ቃል ይኸው በየምሽቱ ይላታል።