ሰሃኑን አታንሱለት

ሮቤ ውስጥ ሰው ሲታመም ጠያቂው ቤት ሞልቶ ይተርፋል። ባለቤቴን ስትሮክ የመታው ሰሞንም እንደዚያው ነበር፤ እርጎ ወይም የሪራ ማር ሳይዝ የመጣ ሰው አላስታውስም። ጥየቃው ሲያበቃ ግን ጎረቤቱ ወደ ሥራው፣ ልጆቻችንም ወደየሚኖሩበት ከተማ ተመለሱና እኔና እሱ፣ ከግራ እግሩ ጋር፣ ተፋጠን ቀረን።

እግሩ ጨርሶ አልከዳውም፤ ይጎተታል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል፤ አሁን ካልተራመደበት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ኮምባይነር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በሮቤና በጎባ ዙሪያ ስንዴውን ያላጨደለት ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ከዚያ ማሽን ላይ ሆኖ አገሩን ቁልቁል ሲያይ የኖረ ሰው፣ በከዘራ እየተጎተትኩ አስፋልት ላይ አልታይም ብሎ ድርቅ አለ።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይለኛል።

«ማን ምሳር ይዞ መጣ? የመጣው ሁሉ እርጎ ነው የያዘው» እለዋለሁ። አይስቅም።

እኔ ደግሞ ደክሞኛል። ጠዋት አጥቤው፣ አልብሼው፣ አብልቼው ቢሮ እገባለሁ፤ ቢሮ ፋይል እንደገለጥኩ እንቅልፍ ያዳፋኛል፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ያው ሥራ እቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እንዴት ነሽ ሲሉኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

መላውን ያመጣልን ጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየው የስፖርት መምህር ነው። የከተማው መናፈሻ ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ዲስክ ጎልፍ የሚሉትን ጨዋታ ተክሏል። ብየዳ ቤት ያሠራቸው የብረት ዘንጎች እዚህም እዚያም ቆመዋል፤ ከላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሎባቸዋል፣ ከሰንሰለቱ ሥር ቅርጫት አለ። የላስቲክ ሰሃን የመሰለውን ነገር ወደ ቅርጫቱ ይወረውሩታል፤ የወደቀበት ድረስ ሄደው ከዚያው ላይ ደግመው ይወረውራሉ፤ ቅርጫት ሲገባ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። «ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ርቀቱ አጭር ነው፣ ጉልበት አይፈልግም» አለኝ። «መናፈሻው የሁሉም ስለሆነ ሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው።»

ጆሮዬ የያዘው «የወደቀበት ድረስ ሄደው» የሚለውን ነው። ባለቤቴ ተራመድ ቢሉት አይራመድም። ጨዋታ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ በካርታ ተሸንፎ የመጣ ቀን ራት የማይበላ ሰው ነው።

ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ወሰድኩት። ነፋሱ ከሳነቴ ተራራ በኩል ይመጣል፣ ጆሮ ይቆርጣል። በጎች ሳር ይግጣሉ፣ ተማሪዎች ጥዱ ሥር ያነባሉ፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ጎረቤታችን ሐጂ አሉ፤ ድሮ እህል ነጋዴ የነበሩ፣ አሁን መናፈሻውን እንደ ቤታቸው የሚያስተዳድሩ አዛውንት ናቸው።

ባለቤቴ በደህናው እጁ ወረወረ። ሰሃኑ ተንጋዶ ሄዶ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አረፈ። ከዘራውን ተደግፎ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ሳያነሳ ግን አንድ ተማሪ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ሰሃኑን አነሳና እየሮጠ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ አቀበለው።

«ተባረክ የኔ ልጅ» አለ ባለቤቴ። ከዚያው ከቆመበት ደግሞ ወረወረ። ሌላው ተነስቶ አመጣለት። እንዲህ ሲወረውር፣ ሲያመጡለት፣ ንቅንቅ ሳይል አመሸ።

በነጋታውም ያው ሆነ። አንድ ወጣት ቢዘገይ ሐጂ ከወንበራቸው ይጮሃሉ። «አንተ! ታላቅህ ቆሞ እያየህ ትቀመጣለህ? ተነስ አቀብለው!»

«ሐጂ፣ እባክዎ ይተዉት፤ እንዲራመድ ብዬ ነው ያመጣሁት» አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ በሽተኛ ሲጎነበስ ቁጭ ብዬ ልይ? ለልጆቹም አጅር ነው፣ ከአላህ ምንዳ ያገኙበታል፣ አትከልክያቸው» አሉኝ። በኦሮምኛ «ልጄ» ሲሉኝ መከራከሩን ተውኩት።

መምህሩም ለተማሪዎቹ አስረዳ። እሺ አሉ። እሺ እንዳሉም ሰሃኑን አመጡለት። በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲያጎነብስ ወጣት ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ማንም ክፉ አልነበረም፤ በዚህ ደግነት መሃል ግን እግሩ ሊቀር ነው። በመጨረሻ «አታንሱለት!» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ጃንጥላ ይዘው የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆም ብለው አዩኝ። «ምስኪን ሰውዬ! ምን ዓይነት ጨካኝ ሚስት ጣለበት» አለች አንዷ፣ እንድሰማ አድርጋ። ጠዋት ማን እንዳጠበው እሷ የት አባቷ ታውቃለች?

ከዚያ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ቅርጫቱ ወዲህ ነው፣ ሰሃኑ የሚሄደው ወዲያ፣ ሰው ወዳለበት። ያን ሁሉ ዘመን ስንዴ መሃል መስመሩን ሳይስት ማሽን የነዳ እጅ እንዲህ አይስትም።

«ሆን ብለህ ነው አይደል?» አልኩት።

«አዎ» አለኝ።

«ለምን?»

«ብሄድ እወድቃለሁ። ሰሃኑን የሚያነሳ ሞልቷል፤ እኔን የምታነሺኝ አንቺ ነሽ። ክረምት ጓሮ የወደቅኩ ጊዜ ስታነሺኝ ወገብሽ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ካልሲዬን ልታጠልቂልኝ ስትጎነበሺ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። አንቺም ከወደቅሽ ምን ልንሆን ነው?»

የወገቤን ሕመም ያላወቀ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። «ለእኔ አዝነህ አልጋ ላይ ልትቀርልኝ ነው? ያኔማ በቀን በቀን ላነሳህ አይደል!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

በነጋታው ወደ አግዳሚ ወንበሩ ሄድኩ። ሰው መለመን አልወድም፤ እናቴም አትወድም ነበር። «ሐጂ፣ ሰሃኑን ተዉለት» አልኳቸው። «እሱ ከወደቀ ግን እሱን አንሱልኝ። እኔ አልችልም፣ ወገቤ አልቋል።»

«ይህን ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አሉኝ ሐጂ። ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞረው በአማርኛም በኦሮምኛም ደነገጉ። ሰሃኑን የነካ ጠቡ ከእሳቸው ጋር ነው፤ ሰውየውን ግን ዓይናቸው እንዳይለየው።

ከዚያ ወዲህ ይወረውራል፣ ይሄዳል። ወደ ቅርጫቱም መወርወር ጀመረ። ማንም አይነሳም፤ ሁሉም ግን አንገቱን አስግጎ እርምጃውን ይከተላል። እኔም ትንፋሼን ይዤ እከተላለሁ።

ዝናብ ያባራ ከሰዓት ወደቀ። ሳሩ ርጥብ ነበር፤ ከዘራው ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። ላነሳው ብድግ አልኩ፤ ወገቤን ሳላቀና ከበውታል። ተማሪዎቹ በብብቱ ገብተዋል፤ ያቺ ጨካኝ ያለችኝ ሴት ጃንጥላዋን ጥላ እግሩን ይዛለች፤ ሐጂ ከኋላ እያዘገሙ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይላሉ። ከሰው መሃል የባለቤቴ ድምፅ ተሰማ። «ሰሃኑን እንዳትነኩት! ገና ልወረውር ነው!»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ አለቀስኩ፤ ሁሉም እሱን ሲያነሱ ማንም አላየኝም። ከታመመ ጀምሮ እሱ ወድቆ እኔ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።