በየገጹ ግርጌ የታተመው ስሜ

ባለፈው ሳምንት በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ባልደረባዬ፣ «እትዬ፣ የዚያን የመጻሕፍት ድረ ገጽ የይለፍ ቃልዎን ቢሰጡኝ?» አለችኝ፤ እስክሪብቶ እንደ መዋስ አድርጋ። «አይሆንም» አልኳት። ድምፄ ለራሴም ጎረበጠኝ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ምን ታውቃለች? እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ የልጅነት ወዳጄን ዘውዱን ሳስብ ነበር።

ነገሩ የሆነው የእኛ ሁለት ሺህ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰቆጣ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ለትምህርት ዩኒቨርሲቲ እወርዳለሁ። እዚያ አንድ ህንዳዊ መምህር ነበሩን። አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ የጥንት የሳንስክሪት ሊቃውንት ስለ ግጥም ምን ይሉ እንደነበር አጫወቱን። የግጥም ትልቁ ምስጢር ቃሉ ከሚለው በላይ ነው፤ ደወል ከተመታ በኋላ በጆሮ እንደሚቀረው ድምፅ ነው አሉን። እኔ የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ። ሰምና ወርቅ ስሰማ ነው ያደግሁት። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ከክፍል ስንወጣ ተከትያቸው ይህ የተጻፈበትን መጽሐፍ ከየት እንደማገኝ ጠየቅኋቸው። «ሁለት መንገድ አለ» አሉኝ። «የቆዩት እትሞች የባለቤትነት ዘመናቸው ስላለፈ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒውተር ገልብጠው ለሁሉም ክፍት አድርገዋቸዋል። ጥሩ ማብራሪያ ያለው አዲሱ ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱን እንጠይቃለን።» ለህንዱ አሳታሚ ጻፉልኝ፤ ዋስም ሆኑኝ። አሳታሚው ለራሴ ጥናት ብቻ እንዳነበው፣ ለማንም እንዳላስተላልፍ ቃል አስገብቶ ፈቀደልኝ፤ ከድረ ገጹ የማወርድበት የይለፍ ቃልም ላከልኝ።

በሰቆጣ ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚገኘው በአንድ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ በስልክ መስመር፣ እየተቆራረጠ። የኮምፒውተሩ ኃላፊ ዘውዱ ነው፤ የሰፈሬ ልጅ፣ ፊደልም ዳዊትም ከአባቴ እግር ስር የተማረ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን በአፍ መፍቻችን በኽምጣኛ ነበር የምናወራው። ማክሰኞ ገበያው ሲበተን ቢሮው ጭር ይላል፤ እኔ ቆሎ ይዤ እሄዳለሁ፣ አንዷ ምዕራፍ እስክትወርድ ቆሎውን እየቆረጠምን እንስቃለን።

ቅዳሜ ደግሞ የወረደውን ይዤ ወደ አባባ እሄዳለሁ። መንገዱ አቀበት ነው፤ በጥቅምት ገብሱ ደርሶ ግራና ቀኙ ወርቅ ይመስላል። ደጅ ተቀምጠን ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና ድንገት ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ።

«ይሄማ የእኛ ነው! ለህንዶቹ ማን ነገራቸው?»

«ከእኛ አልሰሙትም፣ አባባ። ራሳቸው የደረሱበት ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ደግሞ ይብስ ደስ ይላል። በይ ቀጥይ።»

በቀጣዩ ክረምት ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ህንዳዊው መምህር ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ አስቀመጡ። ከግቢው በር አጠገብ ካለ የፎቶ ኮፒ ሱቅ የገዙት ነው፤ በየመደርደሪያው ተደርድሮ ይሸጣል አሉኝ። ገለጥኩት። የእኔ መጽሐፍ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ «ለዚህች ሰው ብቻ የተፈቀደ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ስሜ፣ ከነአባቴ ስም።

«እኔ አይደለሁም» አልኳቸው።

«አምንሻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አሳታሚው ግን የሚያውቀው ያንቺንና የእኔን ስም ነው። የሰጠሽን ፈቃድ ዘግቶታል። ከእንግዲህ እኔም ለማንም ዋስ መሆን አልችልም።» ከኋላዬ የሚመጡት ተማሪዎች በማያውቁት ነገር በሩ ተዘጋባቸው።

ሰቆጣ የደረስኩት ጭቃው ሳይደርቅ ነው። ቀጥታ ወደ ዘውዱ ቢሮ ሄድኩ። እንዳየኝ በኽምጣኛ ሰላም አለኝ፤ እኔ በአማርኛ መለስኩለት። ያኔ ገባው።

«ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃልሽን እንዲይዘው አድርጌው ነበር» አለ። «የፎቶ ኮፒ ሱቁ ባለቤት ወዳጄ ነው፤ ፈልጎ አውርጄ ላክሁለት። ምን አጠፋሁ? ሰው መጽሐፍ አጥቶ እውቀት ይቆለፋል እንዴ?»

«እሺ፤ ለምን አልነገርከኝም?»

ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነዋ» አለኝ።

ቢነግረኝ ኖሮ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አብረን ፈቃድ እንጠይቅ ነበር። ይህን ሳልነግረው ወጣሁ።

አባባ፣ «የቀረውስ?» ሲሉኝ፣ «መስመሩ ተበላሸ» አልኳቸው። የገዛ ተማሪያቸው መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «ዘውዱስ ምነው ጠፋ?» ይሉኝ ነበር። «ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። ይህንኑ እንዳመኑ አረፉ። ዘውዱ ለቅሶው ላይ ከሰው መሃል ተቀምጦ አለቀሰ፤ ልቅሶው የእውነት ነበር፤ እንደዚያ መሆኑ ይበልጥ አስመረረኝ።

ዛሬ አሳታሚው ራሱ ያንን እትም ለሁሉም በነፃ ለቆታል። አባባ ያልሰሙትን ምዕራፍ ብቻዬን አንብቤ ጨርሻለሁ። ነገሩን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች፣ «አሁንማ ለሁሉም ተከፈተ፤ ምን ቂም ያስይዛል?» ይሉኛል። መጽሐፉን አይደለም ያዘንኩበት። የማያውቀኝ ሰው አድርጎት ቢሆን ስርቆት ብዬ በረሳሁት። ዘውዱ ግን እምቢ እንደምል የሚያውቅ ሰው ነበር።