ልጅ አዝዬ ዱላ ያነሣሁ ዕለት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለንስሐ አባቴ ሳልናገር የዘለልኩት አንድ ውሸት አለ። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እነግራቸዋለሁ፣ እዚያ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። በዚያ ውሸት አንድ ሰው ተደብድቧል፣ ታስሯልም። ትናንት ጊደር መጋላ ገበያ ላይ አገኘሁት... ግን ከሥሩ ልጀምር።

ባለቤቴ የሞተችው ልጃችን ስንዱ በተወለደች በአራተኛው ወር ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ስንዱ ቤት ውስጥ ታለቅሳለች፣ ውጭ ሳወጣት ዝም ትላለች። ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ «አየር ነው የምትፈልገው፣ አውጣት» አሉኝና አስተዛዘሉን አሳዩኝ። ወንድ ሰው ልጅ አዝሎ ከተማ መሐል አይታይም። ስለዚህ ፈላና በር ካለው ቤቴ እስክርቅ በክንዴ ይዣት፣ የጀጎልን ግንብ ካለፍኩ በኋላ በነጠላ ጀርባዬ ላይ አስራት ነበር።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር... ወደ ሶፊ ገጠር በሚወስደው መንገድ የማሽላውን ቅጠል ይዛ ትጎትታለች፣ ወፍ ሲነሣ ትስቃለች፣ ጆሮዬን ጨብጣ አለቅም ትላለች። ምንጭ ዳር አወርዳትና እግሯን ውሃ አስነካታለሁ። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅሁት እዚያ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስንዱ ሰባት ወር ሲሆናት፣ በዚያው መንገድ አንድ የሶፊ ገበሬ በአህያ ጫት ጭኖ መጣብን። ስሙ ኢብሮ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። አየኝና አህያውን አቁሞ ሳቀ።

«አቦ፣ እናቷ ነህ እንዴ?»

«መንገድህን ሂድ» አልኩት።

«እሄዳለሁ። ግን ሲርባት ምን ታጠባታለህ?»

ቀልዱ ነው። የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚቀልደው። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም ቀልዱን እመልስለት ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚስቴ አፈር ገና አልደረቀም... ዓይኔ ጨለመ። ዱላዬን በሁለት እጄ ይዤ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ አነሣሁት። ከኋላዬ አንድ ነገር ኳ አለ። ዱላውን ነጠላው የያዘው መስሎኝ የሰውዬው አፍ ላይ አሳረፍኩት። ጥርሱ ረገፈ። ደግሜ አነሣሁ።

እሱ አፉን ይዞ የሚያየው እኔን አይደለም፣ ጀርባዬን ነው። ደም እየተፋ «ልጅቱን... አቦ፣ ልጅቱን መታሃት» አለኝ።

ልጅ ማዘል የለመደች ሴት ጀርባዋን አትረሳም። እኔ ረሳሁ።

ሳወርዳት ድምፅ የላትም። ግንባሯ ከቅንድቧ በላይ ተተርትሮ ደሙ ዓይኗን ሞልቶታል። ኢብሮ ከእጄ ወሰዳትና ጥምጣሙን ፈትቶ ቁስሉ ላይ ተጭኖ ያዘው፣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለ። ያኔ አለቀሰች።

ልቅሶዋን ሰምተው በመንገዱ ከኋላ ይመጡ የነበሩ አራት የሰፈሬ ሰዎች እየሮጡ ደረሱ። ያዩት አፉ በደም የተሞላ ባላገር፣ ክንዱ ላይ ደም የለበሰች ልጄን ነው።

«ማነው የመታት?»

«እሱ» አልኩ።

ልጄን ነጥቀው ሰጡኝና ወረዱበት። በዱላ፣ በእርግጫ፣ አንደኛው በድንጋይ። «ወላሂ አልነካኋትም፣ እሱን ጠይቁት» ይላል ከእግራቸው ሥር። የሚያየው እኔን ነው። ቀኝ ክንዱ ሲሰበር ሰማሁት፣ እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ አለ። ልጄን አቅፌ ፊቴን አዞርኩ። ጎትተው ለፖሊስ ሰጡት፣ እኔም ጣቢያ ሄጄ ያንኑ ውሸት አስጽፌ ፈረምኩ። ስድስት ወር ታሰረ።

ስንዱ ድና አደገች። ስለ ጠባሳዋ ለጠየቃት ሁሉ «ገበሬ መትቶኝ ነው» ትላለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ትናንት ታዲያ በርበሬ ልንገዛ ጊደር መጋላ ወጣን። እህል ተራው ላይ ክንዱ የተጣመመ ሰው ማሽላ ይሰፍራል። አወቅሁት። ልመለስ ስል እሱም አወቀኝ። ስንዱ ፊቴን አይታ «አባባ፣ እሱ ነው?» አለችኝ። ዝምታዬ በቃት... ድንጋይ አንሥታ ወረወረችበት፣ ጉንጩን ቀደደው።

«ሕፃን ሆኜ የመታኝ እሱ ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ሁለት ተሸካሚዎች አንገቱን አነቁት። አንዱ በጡጫ ሆዱን መታው። ኢብሮ ግን ዓይኑን ከስንዱ አላነሣም።

«ሁለቱም ዓይኗ ደህና ነው... አልሃምዱሊላህ» አለ እያቃሰተ። «አንዱ ጠፍቶ ይሆን እያልኩ ነበር ይህን ሁሉ ዘመን። የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

ያን «ማነው የመታት?» የሚለውን የሰፈሬን ሰው ጥያቄ አሁንም እየተጠየቅሁ ያለሁ መሰለኝ።

«ልቀቁት» አልኩ። «ግንባሯን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ጌታዬ፣ ምን እያሉ ነው?» አለኝ አንዱ ተሸካሚ።

«በገዛ ዱላዬ፣ ጀርባዬ ላይ እንዳለች። እሱ ደሟን ነው የጠረገው። ዋሽቼ ነው ያሳሰርኩት።»

ለቀቁት። ስንዱ እጇን ከእጄ አወጣች። መልሼ አልያዝኳትም።

ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ኢብሮ ጉንጩን ይዞ ከኋላዬ፣ ስንዱ ከእሱ አጠገብ። ተረኛው ፖሊስ መዝገቡን ዘረጋና «ከሳሽ ማነው?» አለኝ። ስሜን ነገርኩት።

«ተከሳሽስ?»

ስሜን ደግሜ ነገርኩት። ብዕሩን አንሥቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይጻፉት» አልኩት። ጻፈው፣ ከሥሩ ፈረምኩ።